ሽምብራው ለምን ጠወለገ? ሥሩን ሳይመረምሩ መድኃኒት ስለ መግዛት

በታኅሣሥና በጥር ወር በጎንደር ከተማ የሚመላለስ ሰው እሸት ሽምብራ ከነአገዳው በእስር በእስር ይዘው የሚሸጡ ልጆችን ማየቱ አይቀርም። ከእነዚህ እስሮች አንዱን ገዝቶ፣ ከጓደኞቹ ጋር እየፈለፈለ ያልበላ ተማሪ በመካከላችን ይኖራል ብዬ አልገምትም። ጣታችንን የሚያጣብቀውና ምላሳችንን ኮምጠጥ የሚያደርገው ነገር ከቅጠሉ ጠጉር የሚወጣ አሲድ መሆኑን የምናውቅ ግን ጥቂቶች ሳንሆን አንቀርም። ያ እሸት ለገበያ እስኪደርስ ድረስ ስንቱ አቻው በማሳው ላይ ደርቆ እንደ ቀረ የሚጠይቅ ደግሞ ከዚህም ያነሰ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ስለዚያ ደርቆ ስለ ቀረው ሽምብራ መናገር፣ በተለይም የመድረቁን ምክንያት እንዴት አድርገን መለየት እንደምንችል ማስረዳት ነው።

ደምቢያ ከጣና ሐይቅ በስተ ሰሜን የተዘረጋ ሜዳ ሲሆን፣ ዋና ከተማው ቆላ ድባ ከጎንደር 35 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። አፈሩ በብዛት ዋልካ ነው፤ ይኸውም በክረምት የሚያጣብቅ፣ በበጋ የሚሰነጣጠቅ ጥቁር አፈር ማለት ነው። ገበሬው በክረምት ውኃ የሚተኛበትን ይህን መሬት ዝናቡ ሊወጣ ሲል አርሶ ሽምብራ ይዘራበታል። ከዚያ በኋላ ዝናብ ብዙ አይጠበቅም። ተክሉ የሚያድገው፣ የሚያብበውና የሚያፈራው በአፈሩ ውስጥ በተረፈው እርጥበት ነው። እንግዲህ የሽምብራ ነገር ሁሉ የሥር ነገር ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ሥሩ ወርዶ ጥልቁን እርጥበት የደረሰ እንደ ሆነ ተክሉ ይኖራል፤ ሥሩ በመንገድ ላይ የታመመ እንደ ሆነ ግን ከላይ መጥቶ የሚያድነው ዝናብ የለም። አገራችን በሽምብራ ምርት ከአፍሪካ አገሮች ሁሉ የቀደመች መሆኗን፣ በጾም ወራት የብዙው ቤት ወጥ ሽሮ መሆኑን ላሰበ ሰው ነገሩ የአንድ ገበሬ ጉዳይ ብቻ አለመሆኑ ይገባዋል።

እኔም ይህን ለመጻፍ የተነሣሁት ከመጽሐፍ ባነበብሁት ብቻ ሳይሆን በቤታችን በደረሰው ነው። ባለፈው ዓመት በኅዳር ወር ወደ ቆላ ድባ በሄድሁ ጊዜ አባቴ የዘራው ሁለት ጥማድ ሽምብራ እዚህም እዚያም ክብ ክብ እየሠራ ሲደርቅ አገኘሁት። ጎረቤቱ አንዱ «ምች መታው» ይላል፤ ሌላው «ውርጭ ነው» ይላል። አባቴ ግን ካቻምና ጓይ ትል ፍሬውን ስለ ፈጀበት፣ ዘንድሮም ያው ትል ነው ብሎ ቆርጦ ነበር። ስለዚህም ከአንድ ነጋዴ ዘንድ የተባይ መርጫ በዱቤ ወስዶ ሁለት ጊዜ ረጨ። ማድረቁ አላቆመም። ለዱቤው መክፈያ አንዲት በግ ተሸጠች። እኔ፣ ዩኒቨርሲቲ የገባሁት የቤቱ ሊቅ፣ ከማሳው ዳር ቆሜ ቅጠሉን ጨብጬ «ቢጫ ስለ ሆነ ናይትሮጅን አንሶት ይሆናል» ብዬ ተናገርሁ። ዛሬ ሳስታውሰው አፍራለሁ፤ ከምች የተሻለ አልተናገርሁምና።

በሦስተኛው ቀን የቀበሌው የግብርና ባለሙያ መጡ። አባቴ ወደ ደረቀው ክብ መሐል ሊወስዳቸው ሲል፣ «አባባ፣ የሞተውን ይተዉት፤ የሞተ አይመሰክርም። ገና መታመም የጀመረውን ያሳዩኝ» አሉት። ከክቡ ጠርዝ ላይ ግማሽ ቅርንጫፉ የተንጠለጠለ አንድ ተክል መረጡ። በዶማ ከነአፈሩ አነሡት፤ በባልዲ ውኃ ነክረው አፈሩን አጠቡት፤ ከኪሳቸውም ምላጭ አውጥተው ከአንገቱ ጀምሮ ሥሩን እንደ ቄጤማ ለሁለት ሰነጠቁት። ከውጭ ሲታይ ደኅና የነበረው ሥር ውስጡ ከላይ እስከ ታች በጥቁር ቡናማ መሥመር ተሰምሯል። ትል የሚባል በአጠገቡ የለም። አባቴ ዝም ብሎ ካየ በኋላ «ታዲያ ልጄ፣ እኔ ያን ሁሉ ቀን የረጨሁት ለማን ኖሯል?» አለ። ለዚህ ጥያቄ ማናችንም መልስ አልነበረንም።

ወንድሞችና እኅቶች! ቆላ ድባ በሕክምና ታሪካችን ውስጥ ስሟ ያለ ከተማ ናት። እ.ኤ.አ. በ1953 በደምቢያ ሜዳ የተነሣው የወባ ወረርሽኝ እስከ 7,000 የሚደርስ ሕዝብ እንደ ፈጀ ተጽፏል። በማግሥቱ ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ1954፣ ለዛሬው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ መሠረት የሆነው የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተቋቋመ፤ የቆላ ድባ ጤና ጣቢያም ተማሪዎቹ የሚለማመዱበት ቦታ ሆነ። በእንዲህ ያለ ቦታ የሚሠራ ባለሙያ ከሁሉ አስቀድሞ የሚማረው፣ ትኩሳት የበሽታ ስም አለመሆኑን ነው። ትኩሳት ከወባም፣ ከተስቦም፣ ከሌላም ይመጣል፤ ደሙ በማይክሮስኮፕ ሳይታይ ወባ ነው ብሎ መድኃኒት መስጠት መገመት እንጂ መመርመር አይባልም። በተክልም ዘንድ ነገሩ እንዲሁ ነው። መጠውለግና ቢጫ መሆን የተክል ትኩሳት ናቸው። መታመሙን ይነግሩናል እንጂ በምን እንደ ታመመ አይነግሩንም። ምክንያቱን የሚነግረን፣ ብዙውን ጊዜ ሥሩ ነው።

ባለሙያዋ «የሞተ አይመሰክርም» ያሉትም በሌላው ዓለም ብዙ ዋጋ የተከፈለበት ትምህርት ነው። እ.ኤ.አ. በ1860ዎቹ በደቡብ ፈረንሳይ የወይን ተክል ምክንያቱ ሳይታወቅ ያልቅ ጀመር። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1868 ዡል ፕላንሾን የተባለው የሞንፔልዬ የዕፅዋት ሊቅ ከባልንጀሮቹ ጋር ሆኖ የሞቱትን ወይኖች ሥር ቢያስቆፍር አንዳች ነገር አላገኘም። ከዚያ በኋላ በአጠገባቸው ያሉትን፣ የታመሙ ነገር ግን ያልሞቱትን አስቆፈረ። በማጉያ መነጽር ሲያይ ሥሩ በጥቃቅን ቢጫ ተባዮች ተሸፍኖ ተገኘ። ተባዮቹ የሞተውን ሥር ትተው ወደ ሕያው ሥር ስለሚሸሹ፣ ሙታኑን የመረመረ ሁሉ ባዶ እጁን ይመለስ ነበር። ፊሎክሴራ የተባለው የዚህ ተባይ ዋና መፍትሔም የተገኘው ከሥሩ ዘንድ ነው፤ ይኸውም የፈረንሳዩን ወይን ተባዩን በሚችል በአሜሪካ ወይን ሥር ላይ በማዳቀል ነው።

እንግዲያውስ እኛ ወደ ቤታችን ስንሄድ የታመመ ሽምብራ ቢያጋጥመን እንዴት እንመርምር? ከዚህ በታች የምዘረዝረው ከዶማ፣ ከባልዲና ከምላጭ በቀር ሌላ መሣሪያ አይጠይቅም።

1ኛ፤ ከመቆፈር በፊት ማሳውን በሙሉ ማየት ያስፈልጋል። የደረቀው በውኃ መውረጃውና በረባዳው ቦታ ብቻ ከሆነ ውኃ መተኛቱን እንጠርጥር። እዚህም እዚያም በክብ ጀምሮ ከሳምንት ሳምንት የሚሰፋ ከሆነ፣ ከአፈር የሚነሣ በሽታን እንጠርጥር። በረድፉ ላይ ቡቃያው እንደ ታጨደ ሆኖ በተከታታይ ወድቆ ከተገኘ፣ ቆራጭ ትል ነው ብለን እንጀምር።

2ኛ፤ በማለዳ እንሂድ። በቀትር ፀሐይ የሚንጠለጠል፣ ሌሊት አርፎ በማለዳ ቀና የሚል ተክል ውኃ ጠምቶት ሊሆን ይችላል። በማለዳም ተንጠልጥሎ የሚገኝ ግን፣ አፈሩ ጨርሶ ካልደረቀ በቀር፣ ውኃ የሚያወጣበት መንገዱ ራሱ ተበላሽቶ ሊሆን ይችላል። ይህን ልዩነት በቀትር የሚሄድ ሰው ሊያየው አይችልም።

3ኛ፤ ሦስት ተክል እንምረጥ፤ አንዱ ጤነኛ፣ አንዱ መታመም የጀመረ፣ አንዱ በግማሽ የደረቀ ይሁን። ጤነኛውን ያላየ ሰው በበሽተኛው ላይ ምን እንደ ተለወጠ ሊያውቅ አይችልም።

4ኛ፤ ተክሉን ነቅለን አንጎትት። የበሰበሰ ሥር ሲጎተት ይበጠስና ማስረጃው በአፈር ውስጥ ይቀራል። ከግንዱ አንድ ስንዝር ርቀን በመቆፈር ከነአፈሩ እናንሣው፤ ውኃ ውስጥ ጥቂት አቆይተን አፈሩ በራሱ እንዲለቅ እናድርግ። ከዚያም መጀመሪያ ከውጭ፣ ቀጥሎ በምላጭ በቁመቱ ሰንጥቀን ከውስጥ እንመልከተው።

ጤነኛ የሽምብራ ሥር ነጣ ያለ፣ ጠንካራ፣ ብዙ ቅርንጫፍ ያለውና የጥሩ አፈር ሽታ የሚሸት ነው። በላዩም እንደ ጠጠር የተለጠፉ እባጮች ይገኛሉ። እነዚህን እባጮች ያየ ጀማሪ ብዙውን ጊዜ በሽታ ይመስሉታል፤ ነገር ግን የተክሉ ሀብት ናቸው። በውስጣቸው የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ናይትሮጅንን ከአየር ወስደው ለተክሉ ምግብ ያደርጉለታል። አንዱን በጥፍራችን ሰንጥቀን ውስጡ ሮዝ ወይም ቀላ ያለ ከሆነ በሥራ ላይ ነው። ውስጡ ነጭ ከሆነ ገና ሥራ አልጀመረም፤ አረንጓዴ ወይም ቡናማ ከሆነ ሥራውን ጨርሷል። እባጭ በጭራሽ የሌለው፣ ከታች ቅጠሉ ጀምሮ እኩል የገረጣ፣ ነገር ግን ያልጠወለገ ተክል ከሆነ፣ ያን ጊዜ እኔ በአጉል ድፍረት የተናገርሁት የናይትሮጅን ማነስ እውነት ሊሆን ይችላል። ሌላም ጥንቃቄ አለ። የባክቴሪያው እባጭ ከሥሩ ጎን የተለጠፈ ስለ ሆነ በጣት ሲታሽ ይወድቃል። ኔማቶድ የተባሉት በዐይን የማይታዩ የአፈር ትሎች የሚያመጡት እባጭ ግን ሥሩ ራሱ ያበጠ ስለ ሆነ ሥሩን ሳይበጥሱ ማንሣት አይቻልም።

አሁን ወደ በሽተኛው ሥር እንመለስ። ከዚህ በታች የተመለከቱት ምልክቶች በቅጠል ዘንድ እርስ በርሳቸው ይመሳሰላሉ፤ በሥር ዘንድ ግን ይለያያሉ።

ሀ/ ሥሩ ከውጭ ደኅና መስሎ ሲሰነጠቅ በመካከሉ ቡናማ ወይም ጥቁር መሥመር ከታየ፣ ይህ ፉዛሪየም በተባለ ፈንገስ የሚመጣው አጠውልግ በሽታ ነው። ፈንገሱ በሥሩ ገብቶ ውኃ የሚወጣባቸውን ቧንቧዎች ይዘጋቸዋል። ተክሉ እርጥብ አፈር ላይ ቆሞ በውኃ ጥም ይሞታል። ቡቃያው ገና አንድ ወር ሳይሞላው ቅጠሉ እንዳረንጓዴ ሊወድቅ ይችላል፤ ወይም ደግሞ አበባ እስኪያወጣ ቆይቶ ከዚያ በኋላ ሊጠወልግ ይችላል። አንዳንድ ጊዜ ከአንዱ ተክል ግማሹ ቅርንጫፍ ብቻ ይጠወልጋል። የአባቴ ማሳ በሽታ ይኸው ነበር።

ለ/ ዋናው ሥር ጠቁሮ፣ ቅርንጫፍ ሥሮቹ ረግፈው፣ ሲታጠፍ እንደ ደረቅ እንጨት ቀጭ ብሎ ከተሰበረ፣ ደረቅ ሥር አበስብስ ነው። ይህ የሚብሰው በአበባና በፍሬ ጊዜ አየሩ ሲሞቅና አፈሩ ሲደርቅ ነው። ተክሉ በጥቂት ቀን ውስጥ የገለባ መልክ ይይዛል።

ሐ/ ቡቃያው በአፈሩ ወለል ላይ ከአንገቱ በስብሶ፣ በብስባሹም ላይ ነጭ የሻጋታ ክርና የሰናፍጭ ፍሬ የሚያህሉ ጥቃቅን ቡናማ እንክብሎች ከታዩ፣ አንገት አበስብስ ነው። አፈሩ ርጥብ ሲሆንና ያልበሰበሰ ገለባ ሲበዛበት ይበረታል።

መ/ ሥሩ ቡናማ ሆኖ ለስልሶ፣ መጥፎ ሽታ ካለው፣ የታመመውም ረባዳው ቦታ ሁሉ ከሆነ፣ ውኃ ተኝቶበታል። ሥር ይተነፍሳል፤ በአፈሩ ቀዳዳዎች ውስጥ በአየር ፋንታ ውኃ የሞላ እንደ ሆነ ሥሩ ታፍኖ ይሞታል። የዋልካ ትልቁ ጠንቅ ይህ ነው።

ሠ/ ሥሩ ጤነኛ ሆኖ ግንዱ ከአፈሩ ወለል ላይ ተቆርጦ ከተገኘ፣ በተክሉ ዙሪያ አፈሩን በጣት እንጫር። ቆራጭ ትል ቀን ቀን በአፈር ውስጥ ተጠቅልሎ ይተኛል፤ የሚበላውም ሌሊት ነው። ሥሩ ተበልቶ ውስጡ በአፈር ተሞልቶ ከተገኘ ደግሞ ምስጥ ነው።

ረ/ ሥሩም ግንዱም ደኅና ሆኖ የፍሬው ከረጢት ክብ ቀዳዳ ካለው፣ ጓይ ትል ነው። ከላይ የተናገርነው የቅጠሉ አሲድ ብዙ ተባዮችን ቢያርቅም ይህን ትል አያቆመውም። ጓይ ትል ፍሬ ይበላል፤ ተክሉን ከሥሩ አያደርቅም። አባቴ የተሳሳተው በዚህ ነው፤ ትሉን በእርግጥ ያውቀዋል፤ ነገር ግን ያወቀውን ጠላት ባልዋለበት ቦታ ፈለገው።

ሰ/ ተክሉ አጥሮና ቀልቶ ከቀረ፣ በለጋው ጫፍ ላይም ክሽክሽ የሚባሉት ጥቃቅን ተባዮች ካሉ፣ እነርሱ ያመጡት ቫይረስ ሊሆን ይችላል። ይህም ሲሰነጠቅ ቡናማ መልክ ያሳያል፤ ነገር ግን የቫይረሱ ቡናማ ከልጡ ሥር ሲሆን የፉዛሪየሙ ቡናማ ከእንጨቱ መካከል ነው። ልጡን በጥፍር ልጦ ማየት ይበቃል።

በመስክ ያየነውን የበለጠ ለማረጋገጥ የሚሻ፣ በመኝታ ክፍሉ መስኮት ላይ ሊያደርገው የሚችለው አንድ ቀላል ሙከራ አለ። ሦስት ባዶ ጣሳ እንውሰድ፤ ታቻቸውን በምስማር እንብሳቸው። በመጀመሪያው ጣሳ ከታመመው ክብ የተወሰደ አፈር፣ በሁለተኛው ከዚያው ማሳ ጤነኛ ቦታ የተወሰደ አፈር እንጨምር። በሦስተኛው የምንጨምረው እንደ መጀመሪያው ያለ የታመመ አፈር ነው፤ ነገር ግን አስቀድመን በተከደነ ድስት በእንፋሎት አንድ ሰዓት ያህል አሙቀን ካቀዘቀዝነው በኋላ ነው። ከአንድ ከረጢት በተወሰደ ዘር በየጣሳው አሥር አሥር ፍሬ እንዝራ፤ እኩል ውኃ፣ እኩል ፀሐይ እንስጣቸው። አምስት ሳምንት ያህል እንጠብቅ። በመጀመሪያው ጣሳ ያሉት ጠውልገው የሌሎቹ ከቆሙ፣ ገዳዩ በአፈሩ ውስጥ የሚኖር ሕያው ነገር ለመሆኑ ማስረጃ አገኘን ማለት ነው። በሦስቱም ጣሳ ከሞቱ ግን ጥርጣሬው ወደ ዘሩ ወይም ወደ ራሳችን አያያዝ ይዞራል። በሦስቱም ከቆሙ ደግሞ ማሳው ነጻ ነው ብለን አንቸኩል፤ ፈንገሱ ሙቀት ይወዳልና በጎንደር ብርድ በመስኮት ላይ ሊዘገይ ይችላል።

በቤት ውስጥ የሚበቅል ተክል የራሱ ወጥመድ አለው፤ ሙከራውን የሚያበላሸውም እርሱ ነው። ከሁሉ የሚብሰው ውኃ ማብዛት ነው። ጣታችንን በአፈሩ ውስጥ እስከ ሁለተኛው አንጓ አስገብተን እርጥበት የሚሰማን ከሆነ ውኃ አንጨምር። በጣሳው ላይ ጥቃቅን ጥቁር ዝንቦች መብረር ከጀመሩ አፈሩ ከመጠን በላይ እንደ ራሰ ያመለክታሉ፤ ልጆቻቸውም በርጥብ አፈር ውስጥ ለጋ ሥር ይበላሉ። ብርሃን ያነሰው ቡቃያ ደግሞ ቀጥኖና ረዝሞ ይወድቃል፤ ይህ በሽታ አይደለም። በእንፋሎት የሞቀው አፈር ጠቃሚዎቹም ባክቴሪያዎች ስለ ሞቱበት ተክሉ በኋላ ገርጥቶ ቢታይ አያስደንቅም። ሙከራው ሲያልቅ የታመመውን አፈር ወደ ማንም ጓሮ አንድፋ።

ምክንያቱ ከታወቀ በኋላ ምን ይደረጋል? እዚህ ላይ የምርመራው ጥቅም በግልጥ ይታያል፤ መፍትሔዎቹ ፈጽሞ የተለያዩ ናቸውና። ለቆራጭ ትል ቀደም ብሎ ደጋግሞ ማረስ፣ ትሉን ከአፈር እየጫሩ መልቀም ይረዳል። ለጓይ ትል ከአበባ ጀምሮ ተክሉን እየገለጡ ማየት፣ ትሉም ትንሽ ሳለ መልቀም፣ ከበዛም በባለሙያ ምክር መርጨት ተገቢ ነው። ውኃ ለሚተኛበት ዋልካ ሰፋፊ መደብ አውጥቶ በመካከሉ ቦይ መክፈት ነው። ለአጠውልግ ግን በቆመው ሰብል ላይ የሚረጭ ፈዋሽ የለም። የተባይ መርጫማ ፈንገሱን አይነካውም፤ ንቦቹን ግን ይገድላል።

የአጠውልግ ፈንገስ ሽምብራ ሳይዘራበት እንኳ በአፈር ውስጥ ከ6 ዓመት በላይ መቆየት ይችላል። ስለዚህ አንድ ዓመት ጤፍ ዘርቶ በማግሥቱ ወደ ሽምብራ መመለስ ጉዳቱን ቢቀንስ እንጂ አያጠፋውም። የታመመውን ተክል ከነሥሩ ነቅሎ ማቃጠል፣ ማሳውን ለብዙ ዓመት በጤፍ፣ በስንዴ ወይም በገብስ ማቆየት፣ በታመመው ክብ ያለፈ ማረሻ ላይ የተጣበቀውን አፈር ሳያራግፉ ወደ ሌላ ማሳ አለመግባት ያስፈልጋል። ከሁሉ በላይ የዘሩ ነገር ይታሰብበት። ፈንገሱ በዘር ይተላለፋል። በአገራችን ዘር መበዳደር የጉርብትና ወግ ነው፤ ነገር ግን ከታመመ ማሳ የተወሰደ አንድ ቁና ዘር በሽታውን ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው ይዞ ይሄዳል።

የመጨረሻው አለኝታ በሽታውን የሚችል ዝርያ ነው። በቢሾፍቱ የሚገኘው የደብረ ዘይት ግብርና ምርምር ማዕከል ማርዬ፣ አረርቲ፣ ሀብሩ፣ ናቶሊ የተባሉትንና ሌሎችንም የሽምብራ ዝርያዎች አውጥቷል። ተመራማሪዎች አንድ ዝርያ አጠውልግን መቻል አለመቻሉን የሚያውቁት ሆን ብለው በፈንገሱ በተመረዘ ማሳ ላይ በመዝራት ነው፤ በዚያ የቆመ ይመረጣል፤ የወደቀ ይጣላል። ይሁን እንጂ ፈንገሱም እንደ ሰው ብዙ ዘር ስላለው፣ በአንድ አገር የቆመ ዝርያ በሌላው ሊወድቅ ይችላል። ስለዚህ ለደምቢያ የሚሆነውን ዝርያ በአቅራቢያ ካሉት የግብርና ባለሙያዎችና ተመራማሪዎች መጠየቅ ይገባል እንጂ ከገበያ ወሬ መውሰድ አይገባም።

ከዚህ ሁሉ የምደርስበት ሐሳብ አጭር ነው። ገበሬው የሚከስረው በበሽታው ብቻ ሳይሆን በግምቱ ጭምር ነው፤ እኛ የተማርነውም ግምቱን በእንግሊዝኛ ስም ብናሳምርለት ኪሳራውን አንቀንስለትም። ማሳው ዳር ቆሞ ከመናገር በፊት መንበርከክና መቆፈር ያስፈልጋል። ምላጭ ዋጋዋ ከአንድ የመርጫ ጠርሙስ ጋር የሚወዳደር አይደለም፤ ከአንዲት በግ ጋርማ ጨርሶ አይነጻጸርም። ለመጪው ዕረፍት ወደየአገራችን ስንሄድ አንዳንድ ምላጭ በኪሳችን እንያዝ፤ ነገሩም ለሽምብራ ብቻ ሳይሆን ለምስር፣ ለባቄላ፣ ለበርበሬም ያገለግላል።

አባቴ ዘንድሮ በዚያ ማሳ ላይ ጤፍ ዘርቶበታል። ሽምብራውን ወደ ሌላ ቦታ አዛውሮ፣ ዘሩንም ከውጭ አስመጥቶ ዘራ። በጥቅምት መጨረሻ ስልክ ደውሎ ስለ ጤንነቴ ከጠየቀኝ በኋላ ጥቂት ዝም አለና፣ «ሦስት ተክል ቆፍሬ ሰንጥቄ አየሁት፤ ውስጡ ነጭ ነው» አለኝ።